እስከ መጨረሻው ፊደል ማንበብ

«ኮምፒውተሬ ቫይረስ ገባበት» እንላለን። አነጋገሩን ልብ ብሎ ላጤነው፣ በዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ የገባ እንጂ ያስገባ የለም። ጉንፋን ያዘው፣ ዝናብ መታው እንደምንለው ሁሉ ጥፋቱ በነፋስ የመጣ ይመስላል። ቃሉን ከሕክምና ስለ ተዋስነው ሐሳቡም አብሮት መጣ፤ ማሽኑ «ታመመ»፣ ፀረ ቫይረሱ «መድኃኒት» ሆነ፣ እኛም ከአልጋው አጠገብ የተቀመጥን አስታማሚዎች ሆንን።

ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። በቤታችን ኮምፒውተር ላይ ጉዳት የሚያደርሱት ነገሮች ሰው የጻፋቸው ጽሑፎች ናቸው። ጸሐፊ አላቸው፤ የሚያስቡት አንባቢም አላቸው። በግል ኮምፒውተሮች ላይ በሰፊው ከተዛመቱት የመጀመሪያዎቹ ቫይረሶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1986 ከፓኪስታን፣ ከላሆር ከተማ የወጣው «ብሬይን» ሲሆን፣ የጻፉት ሁለት ወንድማማቾች ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና የስልክ ቁጥራቸውን በውስጡ አስፍረው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ስማቸውን መደበቅ ተማሩ እንጂ ጽሑፍ መጻፋቸውን አልተዉም። በራችን ላይ ቆመው በሚያሳምን ቃል ያንኳኳሉ፤ የሚከፍትላቸውም የቤቱ ሰው ነው። ማንም ሳይከፍትላቸው የሚገቡም አሉ፤ ወደ እነርሱ ኋላ እመለሳለሁ።

እኔ የንባብ ሰው እንጂ የኮምፒውተር ሊቅ አይደለሁም። ጉዳዩን ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ማንሣቴም፣ ውሎ አድሮ ከንባብ ልማድ ጋር የተሳሰረ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

በ1992 ዓ.ም. ሚያዝያ 26 ቀን (እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 2000)፣ እኛ በማግሥቱ የሚውለውን የአርበኞች የድል በዓል ስንጠባበቅ፣ ከፊሊፒንስ የተነሣ አንድ ደብዳቤ ዓለምን ዞረ። ርእሱ በእንግሊዝኛ «እወድሃለሁ» የሚል ነበር። ውስጡ ደግሞ ከእርሱ ጋር ተያይዞ የመጣውን የፍቅር ደብዳቤ እንዲመለከቱ በትሕትና የምትጠይቅ አንዲት መስመር ብቻ ነበረች። የተያያዘው ፋይል ስም «የፍቅር ደብዳቤ ለአንተ» ከማለቱ ቀጥሎ ነጥብና «ቲኤክስቲ» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉት፤ እነዚህ ፋይሉ ተራ ጽሑፍ መሆኑን ያመለክታሉ። ስሙ ግን በዚያ አያበቃም ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ነጥብ፣ ከነጥቡም በኋላ «ቪቢኤስ» የሚሉ ሦስት ፊደላት ነበሩ። እነዚህኞቹ ፋይሉ የሚነበብ ጽሑፍ ሳይሆን ሲነካ የሚሠራ ፕሮግራም መሆኑን ይናገራሉ።

እነዚያን የመጨረሻ ሦስት ፊደላት ያየ ሰው ጥቂት ነበር። ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ፋይሎች የመጨረሻ ቅጥያ ከተጠቃሚው ዓይን የመደበቅ ልማድ ነበረውና። ፋይሉ ሲከፈት በኮምፒውተሩ የአድራሻ መዝገብ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ራሱን ላከ፤ ያገኛቸውን ፎቶግራፎችም እየደመሰሰ በእነርሱ ቦታ የራሱን ቅጂ ተከለ። ስለዚህ ደብዳቤው ከባዕድ ሰው የመጣለት አልነበረም፤ ከአለቃው፣ ከባልንጀራው፣ ከቀድሞ ወዳጁ ነበር የመጣለት። ሰው በፍቅር ደብዳቤ ተታለለ ሲባል ብዙዎች ሳቁ፤ እኔ ግን የሚያስቅ ነገር አላገኘሁበትም። ከሚያውቀው ሰው «እወድሃለሁ» የሚል ቃል ደርሶት ሳይከፍተው የሚያልፍ ሰው ስንት ነው? ደብዳቤውን የላከው የማኒላ ወጣትም፣ በጊዜው በአገሩ ይህን መሰል ድርጊት የሚከለክል ሕግ ስላልነበረ ሳይቀጣ ቀረ።

የሚገርመው ዊንዶውስ ያን ልማዱን ዛሬም አለመተዉ ነው። ስለዚህ አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ሰው አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው ነገር ገንዘብ የማያስወጣ፣ ደቂቃም የማይፈጅ ነው፤ ፋይሎች በሚታዩበት መስኮት «ቪው» ከሚለው ማውጫ ገብቶ የፋይል ስሞች ቅጥያ እንዲታይ ማዘዝ። ከዚያ በኋላ «ፎቶ» የተባለው ነገር በ«ኢኤክስኢ»፣ «ደብዳቤ» የተባለውም በ«ጄኤስ» ወይም በ«ኤስሲአር» ሲያበቃ ዓይን ያየዋል። ስምን እስከ መጨረሻው ፊደል ማንበብ ማለት ይህ ነው።

ወደ እኛው አገር ልመለስና፣ የአማርኛ ጽሑፍና ቫይረስ የቆየ ትውውቅ አላቸው። የግዕዝ ፊደል የዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት አካል የሆነው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ አሠራሩ በየቤቱ እስኪዳረስ ደግሞ ሌላ ዓመታት አለፉ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ ፎንትና የራሱ የፊደል አቀማመጥ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ድርሰት ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው ድርሰቱን ይዞ ሲሄድ ፎንቱንና ፕሮግራሙንም በዲስኬት ቀድቶ ይሄዳል። ከወዳጅ ወደ ወዳጅ፣ ከቢሮ ወደ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ማተሚያ ቤት ይቀዳል። በዚያ መንገድ ቫይረሱም አብሮ ተጓዘ። ዲስኬት ቀርቶ ፍላሽ ሲመጣ መንገዱ ሰፋ እንጂ አልተዘጋም።

በኅዳር 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2008) የታየው «ኮንፊከር» የተባለው ትል ከመስፋፊያ መንገዶቹ አንዱ ፍላሽ ነበር። ብልሃቱን እያደነቅሁ እጠላዋለሁ። ፍላሹ ሲሰካ ኮምፒውተሩ «ምን ላድርግልህ?» ብሎ የምርጫ ዝርዝር ያቀርባል። ከምርጫዎቹ አንዱ «ፋይሎቹን ለማየት ፎልደሩን ክፈት» የሚል ነው። ትሉ በዝርዝሩ አናት ላይ በቃላትም በሥዕልም ፍጹም ያንኑ የሚመስል ሌላ መስመር ጨመረ፤ ዋና ልዩነቱ ከበላዩ «ፕሮግራም አስነሣ» በሚል ንኡስ ርእስ ሥር መቀመጡ ነበር። አንድ ዓይነት መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፎ ያየ ጥንቁቅ አራሚ ብዕሩን እንደሚያነሣ ሁሉ፣ እዚያ ላይ እጁን የሰበሰበ ሰው ዳነ። ማይክሮሶፍት ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሣ በቆዩት ዊንዶውሶች ላይ ጭምር በሰፊው የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

አጎቴ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። የሙሾ ግጥም ለዓመታት ሰብስበዋል፤ ልቅሶ ቤት ለልቅሶ ቤት እየዞሩ፣ ሙሾ አውራጅ እናቶችን ኀዘኑ ካለፈ በኋላ እየጎበኙ፣ ቃላቸውን በስልካቸው እየቀዱ፣ ማታ ማታ በሁለት ጣታቸው ኮምፒውተር ላይ ይጽፉታል። አንድ ቀን ሰባ ያህል ገጽ ለማሳተም ፍላሻቸውን በሰፈራቸው ወዳለ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ወሰዱት። ገጾቹ ታተሙላቸው። ማታ ፍላሹን ቤታቸው ሲሰኩት ግን ፎልደሮቹ ሁሉ በጥጋቸው ትንሽ ቀስት ተተክሎባቸው አገኟቸው። ቢነኳቸው አይከፈቱም። ደወሉልኝ።

«ጋሼ፣ ምንም አይሰርዙ፤ ምንም አይንኩ፤ እመጣለሁ» አልኋቸው። ሄጄ ስመለከተው በብዙ ቤት የሚታወቀው ዓይነት ነበር። ትሉ እውነተኞቹን ፎልደሮች አላጠፋቸውም፤ ደብቋቸዋል። በእያንዳንዱ ቦታ ደግሞ ስሙን የያዘ አቋራጭ መንገድ ተክሏል፤ ሰው ድርሰቴን ልክፈት ብሎ አቋራጩን ሲነካ የሚነሣው ትሉ ነው። በመጀመሪያ ኮምፒውተሩን በፀረ ቫይረስ አጸዳን፤ ቀጥሎ «አትሪብ» በምትባል አሮጌ የዊንዶውስ ትእዛዝ የተደበቁትን ገለጥናቸው። ሙሾዎቹ በሙሉ ተገኙ። አጎቴ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው፣ «እንዲያው ሰው ቤቴ ገብቶ መጻሕፍቴን አልጋ ሥር ሸሽጎ፣ መደርደሪያው ላይ የመጻሕፍት ሥዕል ለጥፎ ሄደ በለኛ!» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከባለሙያም አልሰማሁም።

ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤት የሚሄድ ፍላሽ ለብቻው ተለየ። የሚታተመውን ፋይል ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ሲመለስ ምንም ሳይከፈትበት ተደምስሶ እንደ አዲስ ይዘጋጃል። ድርሰቱ ያለበት ፍላሽ ከቤት አይወጣም። በሰው ኮምፒውተር ኢሜይልን ከፍቶ የይለፍ ቃል መጻፍም ቀረ፤ የማያውቁት ማሽን የሚጻፍበትን ሁሉ እያስታወሰ እንደሆነ ማወቂያ የለምና።

ሁሉም ግን በትንሽ ቀስት አይታወቅም። ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚያዳምጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ማንነቱን ለመሸሸግ በፍርድ ቤት ሰነዶች «ኪዳኔ» ተብሎ፣ በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ በዋሽንግተን ክስ መሥርቶ ነበር። አቤቱታው፣ በኢሜይል ደርሶት የከፈተው የወርድ ሰነድ «ፊንስፓይ» የተባለ የስለላ ፕሮግራም በቤተሰቡ ኮምፒውተር ላይ እንደ ተከለበት፣ ለወራትም የስካይፕ ንግግሩንና የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም እንደ ቀዳበት የሚገልጽ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017 ክሱን የዘጋው፣ አድራጎቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት በዚያ ሊከሰስ አይችልም በማለት ነው፤ የነገሩ ፍሬ ሳይመረመር ቀረ። ከዚያው ዘመን የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው «ሲቲዝን ላብ» በ2013 ባወጣው ጥናት፣ የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ እንደ ማጥመጃ የተጠቀመ የፊንስፓይ ናሙና መገኘቱን ገልጿል። በ2017 ደግሞ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ የቪዲዮ ማጫወቻ ማደሻ መስሎ በቀረበ ሌላ የስለላ ፕሮግራም መታደናቸውን አተተ።

እነዚህን የማነሣው ፖለቲካ ለማንሣት አይደለም፤ ማጥመጃው ምን እንደ ነበረ ለማሳየት ነው። የአገር ናፍቆት ያለበት ሰው የአገሩን ዜና የያዘ ሰነድ ደረሰው። ፎቶ ደረሰው። አጥማጁ የሚጠቀመው ዓሣው የሚወደውን ነው። ፊሊፒንስ ላይ ፍቅር ነበር፤ ሜሪላንድ ላይ የአገር ጉዳይ፤ ከእኛ ለአንዱ የቪዛ ዕጣ፣ ለሌላው የሥራ ማስታወቂያ ይሆናል። አንድ መልእክት ልባችንን ፈጥኖ ሲመታ፣ መጣደፋችን ራሱ የማስጠንቀቂያ ደወል ሊሆነን ይገባል።

አሁን ማንም ሳይከፍትላቸው ወደሚገቡት ልመለስ። በ2009 ዓ.ም. ግንቦት 4 ቀን (እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017) «ዋናክራይ» የተባለው ትል በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ፋይል ቆልፎ ለየአንዳንዱ 300 ዶላር ቤዛ ጠየቀ፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሕሙማንን እስከ መመለስ ደረሱ። ይህ ትል ደብዳቤ አላስከፈተም፤ ፍቅርም አላወራም። በዊንዶውስ ውስጥ በነበረ ቀዳዳ ሾልኮ ከማሽን ወደ ማሽን ዘለለ። ነገር ግን ማይክሮሶፍት የቀዳዳውን መድፈኛ ያወጣው መጋቢት 5 ቀን፣ ከጥቃቱ ሁለት ወር አስቀድሞ ነበር። መድፈኛውን በጊዜው የተቀበሉት ማሽኖች በዚያ ቀዳዳ አልተነኩም። «ኮምፒውተሩን ማደስ ያስፈልጋል» የሚለው የሚያሰለች መልእክት ጣሪያህ ያፈሳልና ድፈነው የሚል የጎረቤት ምክር ነው። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል፤ የተራዘመውን የደኅንነት አገልግሎት ሳይመዘገብበት በዚያው የቀጠለ ቤት ከእንግዲህ ጣሪያው ቢያፈስ ደፋኝ የለውም።

አጎቴ ጋ ሁለተኛው መከራ የመጣው በልጅ ልጃቸው በኩል ነው። ልጁ ቪዲዮ ማቀናበሪያ ፈልጎ፣ ቁልፉ ተሰብሮ በነጻ የሚታደል ቅጂ ከአንድ ገጽ አወረደ። ገጹ ፕሮግራሙን ከመጫን አስቀድሞ ፀረ ቫይረሱን እንዲያጠፋ አዘዘው። እንግዳው ከመግባቱ በፊት ዘበኛውን አሰናብቱልኝ አለ ማለት ነው። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህም ይሠራል፤ ፕሮግራም የሚወሰደው ከሠራው ድርጅት የራሱ ገጽ ነው፤ መግዣ ሲታጣም በነጻ የሚሰጡ ሕጋዊ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። በዚያች ሌሊት የኮምፒውተሩ ፋይሎች ሁሉ የማይታወቅ ቅጥያ ተጨምሮባቸው አደሩ። በየፎልደሩም በዶላር ቤዛ የሚጠይቅ አጭር ማስታወሻ ተቀምጦ ነበር።

ያድናቸዋል ብዬ የጠበቅሁት ፀረ ቫይረስ ያን ጊዜ ምንም አልፈየደም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ያዳናቸው የመምህርነት ዘመናቸው ልማድ ነው። የፈተና ወረቀት በካርቦን ሳያስቀሩ የማይጽፉ ሰው ነበሩ፤ ድርሰታቸውንም በሁለት ውጫዊ ዲስኮች ያስቀሩ ነበር። አንዱ ከመሳቢያቸው ውስጥ፣ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ይቀመጣል። ሌላው ደብረ ብርሃን ባሉት እኅታቸው ቤት ነው፤ በበዓል በበዓል ሲሄዱ ይለዋወጣሉ። ተነቅሎ መቀመጡ ወሳኝ ነው፤ ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም ተሰክቶ ያገኘውን ዲስክ ሁሉ ይቆልፋልና። ቁም ጸሐፊዎቻችን አንዱን መጽሐፍ ለብዙ ደብር ባይገለብጡት ኖሮ፣ በእሳትና በጦርነት መካከል ስንቱ መጽሐፍ እስከ እኛ ይደርስ ነበር?

ሆኖም ሁሉም አልዳነም። የመጨረሻው ቅጂ ከተወሰደ ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት አጎቴ ከአንዲት አረጋዊት የተቀበሏቸውን አሥራ አንድ ሙሾዎች ጽፈው፣ የድምፁንም ቅጂ ከስልካቸው ወደ ኮምፒውተሩ አዛውረው ነበር። እንደገና ሊጠይቋቸው ቢሄዱ፣ የደረሱት ከቀብራቸው በኋላ ሆነ። አራቱን በቃላቸው ከነዜማቸው መልሰው ጻፏቸው። ለቀሩት ሰባት በድርሰቱ ውስጥ ቁጥር ብቻ ተሰጥቷቸዋል፤ ከቁጥሩ ሥር ባዶ ቦታ ተትቷል።

ቤዛውን አልከፈሉም፤ መክፈልም ቁልፍ ለመቀበል ዋስትና አይሆንም። የተቆለፉትን ፋይሎች ግን አልሰረዝናቸውም። የአውሮፓና የኔዘርላንድስ ፖሊስ ከሁለት የደኅንነት ኩባንያዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 የመሠረቱት «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለ ገጽ ለብዙ ዓይነት ቤዛ ጠያቂዎች መክፈቻ በነጻ ይሰጣል፤ ዛሬ መክፈቻ ያልተገኘለት ነገ ሊገኝለት ይችላል። እኔም አልፎ አልፎ እየገባሁ እመለከታለሁ። እስካሁን አልተገኘም።

አሁን አጎቴ በየሳምንቱ ቅዳሜ ቅጂ ያስቀራሉ። ለልጅ ልጃቸው በኮምፒውተሩ ላይ የተለየ፣ ፕሮግራም የመጫን ሥልጣን የሌለው መግቢያ ተከፍቶለታል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ፀረ ቫይረስ ሳይጠፋ ይሠራል፤ ሌላ አልጨመሩበትም። በኢንተርኔት ላይ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል፣ ይህን ይጫኑ» የሚል ብልጭታ ሲመጣ መስኮቱን ዘግተው ይሄዳሉ። ለኢሜይላቸው ለሌላ ቦታ የማይጠቀሙበት ረጅም የይለፍ ቃል አላቸው፤ በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫም ተጨምሮበታል። ይህ ሁሉ ተደምሮ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነበር፤ የላከውን ሰው መጠየቅ። ወዳጅ የላከውን ሰነድ «አንተ ነህ የላክኸው?» ብሎ በስልክ ማጣራት ለእኛ ያሳፍራል፤ ያላመኑት ይመስላል። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» እያልን ስንተርት የኖርን ሰዎች ፈረሱን ላለማስቀየም እንወድቃለን። አጎቴ መላውን አገኙለት። «በራፍ ላይ ‹ቤቶች!› የሚል ድምፅ ሲሰማ ‹ማነው?› ብለን እንጠይቅ የለ? ስልክ ሲደወልስ ‹ማን ልበል?› እንል የለ? ታዲያ ይህን ማን ነውር አለው?» ይላሉ። አሁን ከእኔ የሚደርሳቸውን ፋይል ሁሉ ሳይከፍቱ በፊት ይደውሉልኛል። ስልኩን ሳነሣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፣ የፋይሉን ስም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊደል ያነቡልኛል። እኔም እስኪጨርሱ አዳምጬ፣ «አዎ ጋሼ፣ እኔ ነኝ የላክሁት» እላቸዋለሁ።